የጠበቃ ፈቃድና መሐላ፤ በደቡብ አፍሪካ የተነሡ ሁለት ክርክሮች

ሰው ስለ ራሱ ጉዳይ በዳኛ ፊት ቆሞ ቢናገር ማንም አይከለክለውም። ስለ ሌላ ሰው ልናገር ያለ ዕለት ግን «አንተ ማነህ? ማንስ ፈቀደልህ?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህ ጥያቄ የቆየ ነው፤ የተገባም ነው። የሰው ንብረት፣ የሰው ነጻነት፣ አንዳንድ ጊዜም የሰው ሕይወት በጠበቃ አንደበት ላይ የሚንጠለጠል ስለ ሆነ፣ ያ አንደበት የተማረና የታመነ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ የፍርድ ሥራ መጀመሪያ ነው።

የጥያቄውን ተገቢነት እኛ ራሳችን በሥራችን ላይ ተምረነዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ባልቴት የተጨማደደ ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ መዝገብ ቤታችን መጡ። የይግባኛቸው ጊዜ ማለፉን ብንነግራቸው «ኧረ ልጄ፣ ጠበቃዬ ገብቷል ብሎኛል እኮ!» አሉን። መዝገቡን ሦስት ጊዜ ገለጥነው፤ የገባ ነገር የለም። በኋላ እንደ ተረዳነው ባልቴቲቱ ጠበቃዬ ያሉት ሰው የጥብቅና ፈቃድ ኖሮት አያውቅም። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር በሐቀኝነት ማመልከቻ እየጻፉ ከሚያድሩት ራፖር ጸሐፊዎች መካከል ተደባልቆ፣ «እኔ እከራከርልዎታለሁ» እያለ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ነበር። የባልቴቲቱን ገንዘብ ተቀብሎ፣ ሰነዳቸውንም ይዞ ከዚያ አካባቢ ጠፍቷል። እኒያ እናት ደጃፉን አልፈው ሲሄዱ በልባችን ያደረው ሐሳብ ይህ ነበር፤ «ይህን ሰው በጊዜው ፈቃድህን አሳይ የሚለው አንድ ሰው ቢገኝ ኖሮ!»

ሆኖም የታሪክ መጽሐፍ ሲገለጥ ይኸው ጥያቄ ሌላ ፊት እንዳለው እናያለን። ባልቴትን ከአታላይ የሚጠብቀው ቃል፣ በሌላ ሰው አፍ ሲገባ፣ የተማረውንና የታመነውን ሰው ከደጅ የሚመልስ መዝጊያ ሆኖ ተገኝቷል። ቃሉ አንድ ነው፤ የጠያቂው ልብ ግን ይለያያል። በዚህ ድርሰት ይህን ልዩነት በደቡብ አፍሪካ ምድር በስድሳ ዓመት ርቀት በተነሡ ሁለት ክርክሮች ለማሳየት እንሞክራለን። የውጭ አገር ታሪክ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

አስቀድሞ የነገሩን ምንጭ እንመልከት። በእንግሊዝ አገር፣ በንጉሥ ሄንሪ 4ኛ ዘመን፣ በ1402 አንድ ሕግ ወጣ። ሕጉ ሕግ ያልተማሩ ነገረ ፈጆች በመብዛታቸው በሕዝቡ ላይ ብዙ ጉዳት መድረሱን ከገለጠ በኋላ፣ ዳኞች እያንዳንዱን እንዲመረምሩ፣ መልካም ጠባይና መልካም ስም ያላቸው ብቻ በመዝገብ እንዲጻፉ፣ የተጻፉትም በታማኝነት ለማገልገል እንዲምሉ አዘዘ። እንግዲህ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የጠበቃ ነገር በሦስት ምሰሶዎች ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው፤ በፈተና፣ በመዝገብና በመሐላ።

ሦስቱም የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ፈተና የሰውየውን ዕውቀት ይመሰክራል። መዝገብ ማንነቱን ለሕዝብ ይገልጣል። መሐላ ደግሞ ገና ስለሚሠራው ሥራ ከኅሊናው ጋር ያስረዋል። ከሦስቱ ውስጥ ለዛሬው ነገራችን ዋና የሚሆነው መዝገቡ ነው። ጠበቃ መሆን ማለት ስም በፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ መስፈር ነውና። ያጠፋ ጠበቃ ሲቀጣም ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል። ስለዚህ «ይህ ሰው ጠበቃ ነውን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በሰውየው ኪስ ውስጥ ሳይሆን በፍርድ ቤቱ በራሱ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ እንዲያኖርልን እንወዳለን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የእንግሊዝ መንግሥት ግዛቱን በባሕር ማዶ ሲያሰፋ ይህ ሥርዓት አብሮት ተጓዘ። በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኘው ናታልም በ1843 የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ስትሆን፣ በ1893 የውስጥ አስተዳደሯን ራሷ እንድትመራ ተፈቀደላት። ምርጫውና ሥልጣኑ ግን በእውነቱ በነጮቹ እጅ ነበር። በዚያች አገር ከአፍሪካውያኑ ባለ አገሮች ሌላ ብዙ ሕንዶች ይኖሩ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሕንዶች በ1860 በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ በውል ሊሠሩ የመጡ ሲሆኑ፣ ነጋዴዎችም ተከትለዋቸው ገብተው ነበር።

ሞሃንዳስ ካራምቻንድ ጋንዲ ወደ ናታል የመጡት በግንቦት ወር 1893 ነው። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 23 ዓመት ነበር። የመጡበትም ምክንያት አንድ የሕንድ የንግድ ማኅበር ከዘመዱ ከሌላ ነጋዴ ጋር በ40,000 ፓውንድ ስለ ተካሰሰ፣ ለአንድ ዓመት በ105 ፓውንድ ደመወዝ የንግድ ማኅበሩን ጠበቆች እንዲረዱ ነበር።

የጋንዲ የጥብቅና ማስረጃ እንዴት የተገኘ ነበር? በ1888 ከቦምባይ ወደ ሎንዶን ተሻግረው፣ ኢነር ቴምፕል በሚባለው የጠበቆች ማኅበር ተመዘገቡ። በዚያን ዘመን አንድ ተማሪ ጠበቃ ለመሆን ሁለት ነገር ይፈለግበት ነበር። አንደኛው ፈተናዎችን ማለፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሦስት ዓመት ያህል በሚፈጁ አሥራ ሁለት የትምህርት ወቅቶች በማኅበሩ አዳራሽ ቀርቦ ከባልንጀሮቹ ጋር እራት መብላት ነበር። ነገሩ ለእኛ እንግዳ ቢመስልም፣ ወጣቱ ከታላላቆቹ ጠበቆች ጋር በአንድ ማዕድ ተቀምጦ ጠባያቸውንና ንግግራቸውን እንዲማር የታሰበ ጥንታዊ ልማድ ነው። ጋንዲ ሁለቱንም ፈጽመው ሰኔ 10 ቀን 1891 ጠበቃ ተባሉ። በማግሥቱ በሎንዶን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተመዘገቡ። በሦስተኛው ቀን በመርከብ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ወደ ቦምባይ እንደ ተመለሱ በከተማይቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ስማቸው ገባ። የመጀመሪያ ጉዳያቸው በትንንሽ ነገሮች ፍርድ ቤት የቀረበ ቀላል ክስ ነበር። ምስክር ለመጠየቅ ሲነሡ ግን ራሳቸውን አዞራቸው፤ አንድ ጥያቄ እንኳ ሊያወጡ አልቻሉም። ወዲያው ተቀምጠው፣ የተቀበሉትን 30 ሩፒ መልሰው፣ ደንበኛቸው ሌላ ጠበቃ እንዲይዙ አደረጉ። ለደላላ ከፍለው ደንበኛ ለመግዛትም እንቢ ብለው ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ወጣት ገንዘብ ተቀብሎ ከጠፋው ከእኛ ሰው ጋር አስተያይ። አንደኛው ፈቃድ ሳይኖረው አፉ የተፈታ ነበር፤ ሁለተኛው ፈቃዱ ሙሉ ሆኖ አንደበቱ የታሰረ ነበር። ነገር ግን ያልሠራበትን ገንዘብ የመለሰው ሁለተኛው ነው። ፈቃድ ዕውቀትን ቢያሳይም ሐቀኝነትን ብቻውን እንደማይፈጥር ከዚህ እንረዳለን። መሐላ የተጨመረበትም ምክንያት ይኸው ነው።

የናታሉ ዋና ጉዳይ በሽምግልና አለቀ። ጋንዲ ሁለቱ ዘመዳሞች በክርክር ወጪ እንዳይጠፉ አግባብተው፣ ነገሩን በመረጡት ሽማግሌ አስጨረሱ። የተረታውም ወገን የተፈረደበትን 37,000 ፓውንድና ወጪውን በአንድ ጊዜ ቢከፍል ስለሚከስር፣ ባለ ድሉን ለምነው በረጅም ጊዜ እየከፋፈለ እንዲከፍል አደረጉ። ከዚህ በኋላ ወደ አገራቸው ሊመለሱ የስንብት ግብዣ በተደረገላቸው ቀን፣ የናታል ምክር ቤት ሕንዶችን ከምርጫ መብት የሚያስወጣ ሕግ ሊያወጣ መሆኑን በጋዜጣ አነበቡ። ነጋዴዎቹ «አይሂዱብን» ብለው ለመኗቸው። ጋንዲ ለሕዝብ አገልግሎት ደመወዝ አልቀበልም ስላሉ፣ ወደ ሃያ የሚሆኑ ነጋዴዎች ለአንድ ዓመት የሕግ ሥራቸውን በክፍያ ሰጧቸው። በዚህ ምክንያት በናታል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጠበቃ ሆነው ለመመዝገብ ማመልከቻ አቀረቡ።

በማመልከቻው ላይ የቦምባይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሰጣቸውን የምስክር ወረቀት አያያዙ። ከእንግሊዝ ያመጡት ዋናው ማስረጃ በቦምባይ ሲመዘገቡ በዚያው ቀርቶ ነበር። ስለ መልካም ጠባያቸው የሁለት አውሮፓውያን ነጋዴዎች ምስክርነትም ጨመሩ። ማመልከቻውን የናታል ዋና ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ሃሪ ኤስኮምብ ያለ አንዳች ዋጋ ለፍርድ ቤቱ አቀረቡላቸው። ወዲያውኑ ግን የናታል የሕግ ማኅበር መቃወሚያ አስገባ።

መቃወሚያው ሁለት ፊት ነበረው። አንደኛው፣ «አመልካቹ ዋናውን የእንግሊዝ ማስረጃ አላያያዘም» የሚል ነው። ሁለተኛውና ዋናው ግን ሌላ ነበር። የጠበቆች መመዝገቢያ ደንብ ሲወጣ ነጭ ያልሆነ ሰው ያመለክታል ተብሎ አልታሰበም፤ ናታልን ያለሙት አውሮፓውያን ስለ ሆኑ በጠበቆች መካከል የሚበዙት እነሱ ሊሆኑ ይገባል፤ ሌሎች ከገቡ ቀስ በቀስ በቁጥር ይበልጣሉ፤ ያን ጊዜ የአውሮፓውያኑ መከታ ይፈርሳል የሚል ነበር።

እነዚህን ሁለት ምክንያቶች ለየብቻ እንመዝናቸው። የመጀመሪያው የሥርዓት ጥያቄ ነው። የሌላ ሰው ዲፕሎማ ይዞ የሚመጣ አታላይ በየትም አገር አለና፣ ዋናው ማስረጃ የት ነው ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ሁለተኛው ግን ስለ ማስረጃም፣ ስለ ዕውቀትም፣ ስለ ታማኝነትም አይደለም። አመልካቹ መቶ ማስረጃ ቢያቀርብ ሊመልሰው የማይችለው ነገር ነው፤ የቆዳውን ቀለም በምን ወረቀት ያስተካክለዋል? ሁለቱ በአንድ ላይ ሲቀርቡ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ልብስ ይሆናል። ለዓይን የሚታየው የጎደለ ወረቀት ነው፤ በውስጡ ያለው ግን «እንዲህ ያለ ሰው አይግባብን» የሚል አሳብ ነው።

ጋንዲ በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው እንደሚነግሩን፣ ማኅበሩ የቀጠረው ጠበቃ ከችሎቱ በፊት አስጠርቶ ስለ አስተዳደጋቸው ጠየቃቸው። ሰውየው የፈራው ጋንዲ በዚያው በቅኝ ግዛቱ የተወለዱ ጀብደኛ እንዳይሆኑ መሆኑን፣ ዋናው ማስረጃ መጉደሉም ጥርጣሬውን እንዳጠናከረው፣ የአውሮፓውያኑ ነጋዴዎች ምስክርነት ግን ስለማያውቋቸው ዋጋ እንደሌለው ገለጠላቸው። ጋንዲም የቀጠራቸው ነጋዴ የአገራቸው ሰው መሆኑን፣ አባታቸው በፖርባንዳር ግዛት ዲዋን፣ ማለትም ዋና ሚኒስትር ሆነው እንደ ነበሩ አስረዱ። ጠበቃውም የነጋዴው የመሐላ ቃል ቢቀርብ በበኩሉ እንደሚበቃው ነገራቸው። ጋንዲ በልባቸው ተቆጡ። አስቀድመው የሕንዱን ነጋዴ ቃል አቅርበው ቢሆን ኖሮ «የአውሮፓዊ ምስክር አምጣ» እንደሚባሉ ዐውቀው ነበርና። ቢሆንም ቁጣቸውን ውጠው የተጠየቁትን አቀረቡ።

የሕግ ማኅበሩ ግን ይህ ከሆነም በኋላ በችሎት ተቃውሞውን ቀጠለ። መስከረም 3 ቀን 1894 ፍርድ ቤቱ፣ ኤስኮምብ መልስ እንዲሰጡ እንኳ ሳይጠይቅ፣ መቃወሚያውን ጣለው። የፍርዱም አሳብ በአጭሩ እንዲህ ነበር። ዋናው ማስረጃ አልቀረበም የሚለው ነገር ፍሬ የለውም፤ አመልካቹ በሐሰት ምሎ ከተገኘ ተከሶ ይቀጣል፤ ስሙም ከመዝገብ ይፋቃል። ሕጉ ነጭና ነጭ ያልሆነ ብሎ ስለማይለይ፣ ፍርድ ቤቱ ይህን ሰው እንዳይመዘገብ የሚከለክልበት ሥልጣን የለውም።

እዚህ ላይ የመሐላን ኃይል ልብ እንበል። ፍርድ ቤቱ «ወረቀት ጎደለ» ለሚለው ክርክር የሰጠው መልስ ሌላ ወረቀት አምጣ የሚል አልነበረም። ሰውየው በመሐላ ስለ ተናገረ፣ ቢዋሽ የሚጠየቅበት መንገድ አለ የሚል ነበር። መሐላ ሰውን በቃሉ ይይዘዋል፤ ስለዚህ በቃሉ ሊታመን ይቻላል። ጥርጣሬን ብቻ መሠረት አድርጎ ደጅ የሚዘጋ ሰው ግን መሐላ የተሠራበትን ምክንያት ዘንግቶታል።

ጋንዲ ተነሥተው በፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ፊት ማሉ። መሐላው እንደ ተፈጸመ ግን ዳኛው፣ አሁን የፍርድ ቤቱ ጠበቃ ስለ ሆኑ ስለ ልብስ የወጣውን ደንብ አክብረው ጥምጥማቸውን እንዲያወልቁ አዘዟቸው። ከአንድ ዓመት በፊት በደርባን ፍርድ ቤት እንግዳ ሆነው ሲገቡ አንድ ዳኛ ጥምጥምህን አውልቅ ቢላቸው እንቢ ብለው ወጥተው ነበር። ዛሬ ግን አወለቁት። አንዳንድ ወዳጆቻቸው በዚህ አዘኑ። ጋንዲ ግን ኃይላቸውን ለሚበልጠው ክርክር ማቆየት መረጡ። ከአገሬው ጋዜጦችም አብዛኞቹ የሕግ ማኅበሩን ተቃውሞ ነቅፈው በቅናት ከሰሱት። በዚህም ሳቢያ ስማቸው በናታል ሁሉ ተሰማ፤ ሊዘጋባቸው የታሰበው ደጅ ይበልጥ ተከፈተላቸው።

የዚህ ሰው ስም በመዝገብ ላይ ያለው ታሪክ በዚህ አላበቃም። በመጋቢት ወር 1922 በሕንድ አገር በመንግሥት ላይ ሕዝብን አነሣሥተዋል ተብለው ስድስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በኅዳር ወር በዚያው ዓመት የሎንዶኑ ኢነር ቴምፕል ስማቸውን ከጠበቆች መዝገብ ፋቀው። ስሙን የመለሰው በ1988 ነው፤ ባለ ስሙ ከሞቱ ከአርባ ዓመት በኋላ ማለት ነው። እንግዲህ መዝገብም በሰው እጅ የሚጻፍ ነውና፣ ሰው ሲሳሳት መዝገቡ አብሮ ይሳሳታል። መታረም መቻሉ ግን ክብሩ ነው።

ወደ ሁለተኛው ክርክር እንሻገር። አገሩ ያው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ዘመኑ ግን ከ1948 ጀምሮ የአፓርታይድ ሥርዓት የነገሠበት ነው። ኔልሰን ማንዴላ በጠበቆች ቢሮ በረዳትነት እየሠሩ ተምረው፣ ፈተናውን አልፈው፣ በ1952 የራሳቸውን የጥብቅና ቢሮ በጆሃንስበርግ ከፈቱ። ወዲያው ኦሊቨር ታምቦ ተጨመሩና «ማንዴላና ታምቦ» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። ቢሮው ከፍርድ ቤቱ አንጻር ነበር። በየጧቱ ደረጃውና መተላለፊያው በሕዝብ ይሞላ ነበር። ለነጮች ብቻ በተባለ በር ገባህ፣ ለነጮች ብቻ በተባለ አግዳሚ ተቀመጥህ፣ የይለፍ ደብተር አልያዝህም ተብሎ የተከሰሰው ሁሉ መጠጊያው ያ ቢሮ ነበርና። አፍሪካዊ ጠበቃ በከተማው መካከል ቢሮ ለመያዝም የሚኒስትር ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ጊዜያዊው ፈቃድ ሲያልቅ ባለሥልጣኖቹ አናድስም አሉ። ማንዴላና ታምቦ ግን ከደንበኞቻቸው ርቀው ለመሄድ እንቢ ብለው በዚያው ሠሩ።

አንድ ቀን ማንዴላ ስለ ደንበኛቸው በአንድ ዳኛ ፊት ቀርበው እንደ ልማዱ ስማቸውን ተናገሩ። ዳኛው «ማስረጃህ የት አለ?» አላቸው። ማንዴላ በሕይወት ታሪካቸው እንደሚያስረዱት፣ የጠበቃ ማስረጃ በክፈፍ ገብቶ በቢሮ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል እንጂ ጠበቃ በኪሱ ይዞት የሚዞር ነገር አይደለም። ክርክሩ እንዲጀመር፣ ማስረጃውንም በኋላ እንደሚያመጡ ቢለምኑ ዳኛው አልሰማም አለ፤ እንዲያውም ከችሎት እንዲወጡ አዘዘ። አንባቢ ቀደም ብለን በልብህ አኑርልን ያልነውን ነጥብ ያስታውስ። የጠበቆች መዝገብ ያለው በፍርድ ቤት ነው። ዳኛው በእውነት ለማወቅ ፈልጎ ቢሆን ኖሮ መዝገቡን ማስጠየቅ ይበቃው ነበር። ነጩን ጠበቃ ያልጠየቀውን ጥቁሩን ብቻ ከጠየቀ፣ የፈለገው መልሱን አልነበረም ማለት ነው። ጉዳዩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ጆርጅ ቢዞስ ስለ ማንዴላ ተከራከሩ። የበላዩም ዳኛ የታችኛውን ዳኛ አድራጎት ነቅፎ፣ ነገሩ በሌላ ዳኛ ፊት እንዲሰማ አዘዘ።

ይህ በአንድ ዳኛ የተሠራ ነው። በ1954 ግን የትራንስቫል የሕግ ማኅበር ራሱ ተነሣ። ማንዴላ በ1952 ኢፍትሐዊ ሕጎችን ሆን ብሎ በመጣስ በተደረገው የእንቢተኝነት ዘመቻ ምክንያት በታኅሣሥ ወር የዘጠኝ ወር እስራት ተፈርዶባቸው ቅጣቱ በገደብ ታግዶ ነበር። ማኅበሩ ይህን ምክንያት አድርጎ «የተፈረደበት ሰው ለጥብቅና አይገባም፤ ስሙ ይፋቅ» ሲል ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አመለከተ። በዚያን ጊዜ የጆሃንስበርግ ጠበቆች ሊቀ መንበር የነበሩት ነጩ ዋልተር ፖላክ ያለ ክፍያ ቆመው ተሟገቱላቸው። ዳኛው ራምስቦተምም ማመልከቻውን ውድቅ አደረጉት። አንድ ጠበቃ ስለ ወገኖቹ መብት ብሎ ሕግ መተላለፉ ብቻውን ክብር የሌለው ወይም ደንበኞቹን የሚያታልል ሰው እንደማያደርገው፣ በማንዴላም ላይ እንዲህ ያለ የጠባይ ነውር እንዳልተገኘ ፈረዱ። ስለዚህ ስማቸው በመዝገብ ላይ ጸና።

ሁለቱን ክርክሮች ጎን ለጎን ስናያቸው አንድ ነገር ይገለጥልናል። በሁለቱም ጊዜ ከሳሹ የጠበቆች ማኅበር ነው፤ ማለትም የሙያውን ክብር እንዲጠብቅ የተሾመው አካል። በሁለቱም ጊዜ የተሸሸገው ምክንያት ከተነገረው ምክንያት ይበልጥ ነበር። በሁለቱም ጊዜ ደግሞ ሰውየውን ያዳነው የተጻፈ ደንብና ደንቡን እንደ ተጻፈ የሚያነብ ዳኛ ነው። የናታልም የአፓርታይድም ሕግ በጠቅላላው ፍትሐዊ ነበር ማለታችን አይደለም፤ የሕንዶችን የምርጫ መብት የነጠቀው ሕግ በ1896 ወጥቷል፤ ማንዴላም በ1964 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸዋል። ነገር ግን በዚያ ጨለማ ውስጥ እንኳ «ደንቡ ምን ይላል? መዝገቡ ምን ይላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የተገኘ ዕለት ደጁ ተከፍቷል።

ሦስተኛ ታሪክ እንጨምር፤ ይህ ወደ አገራችን ያደርሰናል። በ1962 ማንዴላ ከአገራቸው በስውር ወጥተው ለአፍሪካ የነጻነት ጉባኤ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ፣ ካርቱም ላይ በኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተሳፈሩ። አውሮፕላን አብራሪው ጥቁር መሆኑን ሲያዩ ደነገጡ። ጥቁር ሰው አውሮፕላን ሲነዳ አይተው አያውቁምና፣ «ይህ ሰው እንዴት ሊያበርር ይችላል?» የሚል ፍርሃት በልባቸው አለፈ። ወዲያው ግን ራሳቸውን ያዙ። አፍሪካዊ ከነጭ ያንሳል፣ ማብረር የነጭ ሥራ ነው የሚለው የአፓርታይድ አስተሳሰብ በእሳቸውም ውስጥ ገብቶ እንደ ነበር ዐወቁ፤ ይህንንም ሳይደብቁ ጻፉት።

ይህ ኑዛዜ ከሁለቱ ፍርዶች ይልቅ ያስተምራል ብለን እናምናለን። «ማስረጃህ የት አለ?» ተብለው ከችሎት የተባረሩት ሰው፣ ያንኑ ጥያቄ በልባቸው በኢትዮጵያዊው አብራሪ ላይ አነሡት። ጥርጣሬ በክፉ ሰዎች ልብ ብቻ የሚበቅል አረም አይደለም። በልማድ ይዘራል፤ ሳይታወቅም ይበቅላል። ልዩነቱ ማንዴላ አረሙን አይተው መንቀላቸው ነው። እኒያው ሰው ግንቦት 10 ቀን 1994፣ ከጋንዲ መሐላ በኋላ መቶ ዓመት ሊሞላ አራት ወር ሲቀረው፣ በፕሪቶርያ ከተማ በዳኛ ፊት ቆመው የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት ለመሆን ማሉ።

ይህን ከጻፍን ዘንድ የራሳችንን ደብቀን ማለፍ አይገባንም። ባልቴቲቱ አዝነው በሄዱ በዓመቱ፣ አንድ ወጣት ጠበቃ ከክፍለ አገር መጥቶ በመስኮታችን ፊት ቆመ። ጫማው አቧራ የለበሰ፣ ኮቱም ያረጀ ነበር። መዝገብ ለማየት ፈለገ። መታወቂያውን ጠየቅነው፤ በመንገድ ሻንጣው ውስጥ እንደ ቀረ ነግሮን ስሙንና የፈቃዱን ቁጥር ተናገረ። የጠበቆች ስም ዝርዝር በመሳቢያችን ውስጥ ነበር፤ እጃችንን ብንዘረጋ እንደርስበት ነበር። እኛ ግን «ይዘህ ና» ብለን መለስነው። በዚያው ጧት ሽቶው ከሩቅ የሚሸት፣ ከረባቱን ያሳመረ ሌላ ሰው መጣ። ከወንበራችን ተነሥተን መዝገቡን አቀረብንለት። ያ ሰው ፈቃድ ይኑረው አይኑረው እስከ ዛሬ አናውቅም፤ አልጠየቅነውምና።

ወጣቱ በማግሥቱ መታወቂያውን ይዞ ተመለሰ። ክፉ ቃል አልተናገረንም። «ጌታዬ፣ ይኸው» ብሎ በሁለት እጁ አቀረበልን። ስሙ በዝርዝሩ ላይ ነበር።

ዛሬ በአገራችን በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚሰጠው የጥብቅና ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ይመራል፤ ከእሱ በፊትም አዋጅ ቁጥር 199/1992 ነበር። ሕጉ ተጽፏል፤ መዝገቡም ተከፍቷል። ነገር ግን ሕግ በየመስኮቱና በየችሎቱ ደጅ የሚሠራው በእኛ በሠራተኞች አፍ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ክርክሮች የቀሰምነውን ለሥራ ባልደረቦቻችን በሦስት ቃል እናቀርባለን። ፈቃድን መጠየቅ ግዴታችን ስለ ሆነ ባለ ከረባቱንም ባለ አቧራ ጫማውንም ሁሉንም እንጠይቅ። መልሱን ከሰውየው መልክ ሳይሆን ከመዝገቡ እንፈልግ። ስንጠይቅም ሰውየው ጠበቃ ሆኖ ቢገኝ የማናፍርበትን ቃል እንጠቀም።

ያንን ወጣት ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አይተነዋል። ወደ መስኮታችን በመጣ ቁጥር ገና ሳንጠይቀው መታወቂያውን ያወጣል። እሱን ባየን ቁጥር ከኋላው የቆመውንም፣ ከዚያም ኋላ ያለውን ሳናበላልጥ እንጠይቃለን።